አርባ ፍየል

ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣ በተከራየኋት ክፍል፣
ኮምፒውተር አስተምር ነበር ውርስ እንዲያካፍል።
«ሟች ልጅ ከተወ፣ ለሚስቱ ስምንተኛ እጅ፤
ለሴት አንድ ካልን ሁለት ነው ለወንድ ልጅ…»
«ከሆነ» ብዬ ስከፍት፣ «እንግዲያው» ብዬ ስዘጋ፣
መብራቱ ሄዶ መጥቶ፣ ሄዶ መጥቶ፣ ነጋ።

አይደክመው፣ ዘመድ የለው፣ ከማንም ጋር አይበላ፤
ከነገርኩት ተነስቶ ያልነገርኩትን ይላል፣ አንዱን ካንዱ ኋላ።
ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፤ ትንሽም ተኩራራሁ፤
ላፕቶፔን አቅፌ በሚኒባስ ሐርቡ ወረድሁ፣
ሸህ ቡሽራ ዘንድ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ሰባት ዓመት ሆናቸው፤
ፈራኢዱ ግን አለ፣ በጣታቸው አንጓ፣ በቃላቸው።

«በይ ጠይቂው» አሉኝ፣ «የይመር ሙሔን ቤት፤
አርባ ፍየል ቀርቷል፣ ሌላ የለም ከብት።
ሚስቱ መዲና አለች። እንድሪስ አለ። ዘምዘም አለች።
ጦይብ…» አሉ፤ የሙስበሓቸው ዶቃ ቆም አለች።

ጦይብ በባቲ በኩል ቁልቁል ወረደ፤
አፋርን አቋርጦ በጀልባ ሄደ፣ አልሄደ፣
የሚያውቅ የለም። ስድስት ዓመት። ስልኩን ሲደውሉ
«ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም»፤ ይኸው ነው ቃሉ።

ጻፍኩ፦ በሕይወት ያሉ፦ መዲና፣ እንድሪስ፣ ዘምዘም።
የጦይብን ባዶ ተውኩት፤ የምጽፈው የለም።

መልሱ ከዓይን ጥቅሻ ቀድሞ ደረሰ፦
ለመዲና አምስት፤
ለእንድሪስ ሃያ ሦስት ከሲሶ፤
ለዘምዘም አሥራ አንድ፣ ከሁለት ሲሶ።

ሸሁ ሳቁ፣ ፂማቸው እስኪርገፈገፍ፦
«ሲሶ ፍየል! ቢላዋው የት ይረፍ? ከጭራው ነው ከአፍ?
ግድ የለም፣ ሸጦ መካፈል አለ፤ እሱ አይደለም ነገሬ፤
ጦይብን ማን ገደለው፣ ልጄ? መርዶ ሰማሽ ዛሬ?»

ላብ አሰመጠኝ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኮዱ ሄድኩ።
አንዲት መስመር፣ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ሳላስብ የጻፍኩ፦
«ያልተነገረ ሁሉ ሐሰት ነው።»
ክፋት የላትም። ጦይብ በሕይወት አለ ወይ? ትላለች፤
መዝገቡን ታገላብጣለች፤
አጣችው። እንግዲያው የለም። ቀጥላ ታካፍላለች።

«ቃሉ ሦስት ነው» አሉ ሸሁ፤ «አለ። ሞተ። አልታወቀም።
ሁለቱን ነግረሽዋል፤ ሦስተኛዋን አልሰማም።
የጠፋ ሰው ድርሻው ይቀመጥለታል፣ ወሬው እስኪመጣ።
አሁን እንደገና እንቁጠር፣ ከቤቱ ማንም ሳይወጣ።»

አውራ ጣታቸው አንጓ በአንጓ ሄደች፦
አምስት ለመዲና፤
አሥራ አራት ለእንድሪስ፤
ሰባት ለዘምዘም፤
አሥራ አራት ደግሞ፣ ለብቻው፣ ይቆያል።
አርባ።
አንዲት ፍየል አልተቆረጠችም።

ያችን መስመር ለመንቀል ወር ከአሥር ቀን ፈጀብኝ፤
አንዱን ስነቅል ሌላው፣ እንደ ሹራብ፣ ተተረተረብኝ።
አሁን ኮምፒውተሩ ይዘገያል። በሁለት ዓለም ይሄዳል፦
ጦይብ በኖረበት፣ ጦይብ በሞተበት፤ ሁለቱንም ያሰላል።
ለእያንዳንዱ ወራሽ ከሁለቱ ያነሰውን ይሰጣል፤
ከተረፈው ላይ ይቀመጣል፣
እንደ ዘበኛ።

በግንቦት መዲና ደወለች፦
«ለዚያ ለዕቃሽ ንገሪው፤
ከጦይብ ፍየሎች አንዷ መንታ ወለደች።»

ነገርኩት።

ጦይብ፦ አልታወቀም።
ፍየል፦ አሥራ ስድስት።